ስሙን ትተሽ ሥራውን ጠይቂ

«እንደምን ሰነበቱ? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በባዮሎጂ ትምህርት የኢንዛይም ምዕራፍ አልገባ ብሎኛል። የኢንዛይሞቹን ስም በሠንጠረዥ ጽፌ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ እሸመድዳለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ ግን ሁሉም በ‹ኤዝ› ስለሚያልቁ ይደባለቁብኛል። በሞዴል ፈተና ‹ኢንዛይም በሙቀት ሲበላሽ ሳይነካ የሚቀረው የትኛው የአወቃቀር ደረጃ ነው?› የሚል ጥያቄ መጥቶ ‹ምንም አይቀርም› የሚለውን መርጬ ተሳሳትኩ። ደግሞ መምህራችን የኢንዛይም ምድቦች ስድስት ናቸው ሲሉን ሌላ ቦታ ያነበብኩት ሰባት ይላል። እናቴ ጠላ ጠምቃ ስለምትሸጥና እኔም ስለማግዛት ለጥናት የሚተርፈኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ምን ይመክሩኛል? ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር»

ውድ ግራ የገባሽ፣

ከሁሉ በፊት ያንን ሠንጠረዥ አጥፈሽ አስቀምጪው። አትቅደጂው፤ በኋላ ይፈለጋል። አሁን ግን እየጎዳሽ ነው። ስሞቹን የደረደርሽው ያለ ሥራቸው ስለሆነ አንዱን ከሌላው የምትለዪበት ምልክት የለሽም። ጥሩ ፈተና አውጪ ደግሞ ስም ቆጠራ አይጠይቅሽም። አንድ የኬሚካል ለውጥ ያሳይሽና ይህን የሚያካሂደው ከየትኛው ምድብ ነው ይልሻል። እዚያ ላይ ሽምደዳ ባዶ እጁን ይቀራል።

ሌላው፣ ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቋጠሮ ቋጥረሻቸዋል። አንዱ ኢንዛይሙ ከምን ተሠራ፣ እንዴትስ ተጣጠፈ የሚለው ነው። ሁለተኛው ምን ይሠራል የሚለው ነው። አወቃቀር የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነው፤ ምድብ የሁለተኛው። ምዕራፉ ሁለቱን አስከትሎ ስለሚያመጣቸው ብዙ ተማሪ ምድቡም ከቅርጹ የሚወጣ ይመስለዋል። አይወጣም።

ምስክሩ እቤትሽ ነው። እናትሽ ብቅል ስታዘጋጅ ያየሽውን አስታውሺ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ሥሩ ብቅ ብቅ ሲል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይፈጫል። አሻሮው ይቆላል፣ የዳጉሳው ቂጣ ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ብቅሉ ግን እሳት አይነካውም። ለምን ብለሽ ብትጠይቂያት የተቆላ ብቅል ጠላውን አያፈላውም የምትልሽ ይመስለኛል፤ እውነትም ነው። ገብሱ ሲበቅል ያከማቸውን ስታርች ለቡቃያው ምግብ አድርጎ የሚቆራርስለትን አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያመርታል። ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፤ አሚሌዙን ግን አትገድለውም። የጋለ ምጣድ ይገድለዋል። ብቅሉ ጋን ውስጥ ሲገባ ያው አሚሌዝ የቂጣውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾውም የሚመገበው ያንን ስኳር ነው።

አሁን ደግሞ ቂጣውን ስታኝኪ በምራቅሽ ውስጥ ያለውን አሚሌዝ አስቢ። እሱም ስታርች ይቆርጣል። የገብሱና የአንቺ አሚሌዝ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው አንድ አይደለም። የሚመቻቸው ሙቀትም ይለያያል፤ የአንቺው 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲስማማው፣ የብቅሉ ከ60 ዲግሪ በላይም በደንብ ይሠራል። በዓለም አቀፉ አመዳደብ ግን ሁለቱም አልፋ አሚሌዝ ናቸው፤ የሁለቱም ቁጥር ኢሲ (የኢንዛይም ኮሚሽን) 3.2.1.1 ነው። ቁጥሩ የሥራ ቁጥር ስለሆነ ሠራተኛው ከገብስ መጣ ከሰው ምራቅ ግድ የለውም። ከአራቱ አኃዞች ለአንቺ ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው፤ ዋናውን ምድብ የሚናገረው እሱ ነው። የቀሩት ሥራውን እያጠበቡ ይሄዳሉ፤ ሁለተኛው የሚቆረጠው የስኳር ትስስር መሆኑን፣ ሦስተኛው የትስስሩን ዓይነት፣ አራተኛው ተራውን ይነግሩሻል።

ወደተሳሳትሽበት ጥያቄ ልምጣ።

አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ፕሮቲን ናቸው። (ሁሉም አይደሉም። ሪቦዛይም የሚባሉት ከአርኤንኤ የተሠሩ ናቸው፤ ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን እ.ኤ.አ. በ1989 ኖቤል የተሸለሙት ለዚህ ግኝት ነው። «ሁሉም ኢንዛይሞች ፕሮቲን ናቸው» የሚል አማራጭ ስታዪ ጠርጥሪ።) የፕሮቲን አወቃቀር በአራት ደረጃ ይነገራል። አንደኛው የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ነው፤ እነሱን የሚያያይዛቸው ጠንካራው የፔፕታይድ ቦንድ ነው። ሁለተኛው ሰንሰለቱ በሃይድሮጅን ቦንድ እየተያዘ አልፋ ሄሊክስ የሚባለውን ጥምዝ ወይም ቤታ ሺት የሚባለውን እጥፋት ሲሠራ ነው። ሦስተኛው ሙሉው ሰንሰለት ተጣጥፎ የመጨረሻ ቅርጹን ሲይዝ ነው። አራተኛው ከአንድ በላይ ሰንሰለቶች ሲገጣጠሙ የሚመጣ ስለሆነ ሁሉም ኢንዛይም የለውም። በእንቁላል ነጭ ውስጥ ያለው ሊሶዛይም የ129 አሚኖ አሲዶች አንድ ሰንሰለት ብቻ ነው፤ ካታሌዝ ደግሞ አራት ሰንሰለቶች ተገጣጥመው የሚሠሩት ነው።

ሙቀት ሲበዛ የሚለቁት ደካሞቹ ትስስሮች ናቸው፤ ሃይድሮጅን ቦንዶቹና እነሱን የመሳሰሉት። እጥፋቱ ይፈታል። የፔፕታይድ ቦንዱ ግን በምድጃ ሙቀት በቀላሉ አይበጠስም። አንዲት ሴት ጥጥ ፈትላ በእንዝርት ላይ ያጠነጠነችውን ክር ልጅ ገብቶ ቢተረትረው ክሩ ቅርጹን ያጣል፤ ርዝመቱ ግን ያው ነው፣ አልተቆረጠም። ስለዚህ የጥያቄሽ መልስ አንደኛው ደረጃ ነበር፤ የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ሳይነካ ይቀራል። እሱንም የሚቆርጥ ነገር ከፈለግሽ ሌላ ኢንዛይም ያስፈልግሻል፤ በጨጓራሽ ያለው ፔፕሲን የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ ምዕራፍ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር የለምና። ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት 124 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ሪቦኑክሌዝ የተባለ ኢንዛይም ወሰደ፤ በዩሪያና በሌላ ኬሚካል እጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ፈታው። ኢንዛይሙ ሥራ አቆመ። ኬሚካሎቹ ሲወገዱለት ግን ሰንሰለቱ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ታጠፈና መሥራት ጀመረ። የቅርጹ ምስጢር በቅደም ተከተሉ ውስጥ ተጽፎ ኖሯል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኖቤል አገኘበት። ታዲያ የተቀቀለ እንቁላል ለምን ተመልሶ አይቀጥንም? ትይኝ ይሆናል። የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ስለሚተበተቡ ነው፤ ቅደም ተከተላቸው ቢኖርም የመታጠፊያ ነጻነት አጥተዋል።

ለመሆኑ እጥፋቱ ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል? ኢንዛይሙ የሚሠራበት ሰብስትሬት የሚገባበት ጎድጓዳ፣ በመጽሐፋችሁ አክቲቭ ሳይት የሚባለው፣ የሚሠራው በሰንሰለቱ ላይ ተራርቀው በተቀመጡ አሚኖ አሲዶች ነው። በትንሹ አንጀት ፕሮቲን የሚፈጨውን ካይሞትሪፕሲን ተመልከቺ። ሥራውን የሚሠሩለት ሦስቱ 57ኛው ሂስቲዲን፣ 102ኛው አስፓርቴትና 195ኛው ሴሪን ናቸው። ቁጥራቸውን እይው፤ አንዱ ከሌላው ስንት እርምጃ ይርቃል! ሰንሰለቱ ሲታጠፍ ግን ጎን ለጎን ይመጣሉ። እጥፋቱ ሲፈታ ሦስቱም ወደየቦታቸው ይበተናሉ፤ አንዳቸውም ሳይጠፉ ሥራው ይቆማል። «ዲናቸሬሽን» የሚባለው ይህ የእጥፋቱ መፈታት ነው፤ ይህን ካየሽ የቃሉን ትርጉም ለመሸምደድ ጊዜ አታጠፊም።

ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ጎድጓዳውንና ሰብስትሬቱን እንደ ቁልፍና ቁልፍ ቤት ገልጿቸው ነበር። ዳንኤል ኮሽላንድ በ1958 ኢንዛይሙ ግትር አይደለም፣ ሰብስትሬቱ ሲገባ ቅርጹን ያስተካክልለታል አለ። ለፈተና ሁለቱን በዚህች አንዲት ልዩነት መያዝ ይበቃል።

ቅዝቃዜን ከሙቀት ጋር እንዳታምታቺ። ከጣና የወጣ ቆረሶ በረዶ ላይ ሲቀመጥ ሥጋውን የሚያላሽቁት የራሱ ኢንዛይሞች ይዘገያሉ እንጂ አይፈቱም፤ በረዶው ሲሄድ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። «በ0 ዲግሪ ኢንዛይሙ ዲናቸር ይሆናል» የሚለው አማራጭ ወጥመድ ነው።

አሁን ሠንጠረዡን የሚተካልሽን ልስጥሽ። ጋኑን ነው። አንድ የስታርች ቅንጣት ጠላ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ተከትለሽ ብትሄጂ ምድቦቹን አንድ በአንድ ታገኛቸዋለሽ፤ በመጽሐፉ ተራ አይመጡም፣ ግን በዚህ መንገድ አይጠፉብሽም።

መጀመሪያ አሚሌዝ ስታርቹን ይቆርጣል። የሚቆርጠው ውኃ እያስገባ ነው፤ ስለዚህ ሀይድሮሌዝ ነው፣ ምድብ 3። ከስታርቹ የወጣውን ማልቶዝ ለሁለት ግሉኮዝ የሚከፍለውም የዚሁ ምድብ ነው፤ በሆድሽ ውስጥ ምግብ የሚፈጩትም ፔፕሲን፣ ትሪፕሲን፣ ላይፔዝ ሁሉ እዚሁ ናቸው። ግሉኮዙ እርሾው ሕዋስ ውስጥ እንደገባ ሄክሶካይኔዝ ከኤቲፒ (የሕዋሱ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ላይ ፎስፌት አንሥቶ ይለጥፍበታል። ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ስለሆነ ትራንስፈሬዝ ይባላል፣ ምድብ 2። ቀጥሎ የሚመጣው ኢንዛይም የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም፤ የግሉኮዙን አቶሞች አደላድሎ ወደ ፍሩክቶዝ ቅርጽ ያዞረዋል። አይሶመሬዝ፣ ምድብ 5። ከዚያ፣ ሌላ ፎስፌት ከተጨመረለት በኋላ፣ አልዶሌዝ ስድስት ካርቦን ያለውን ስኳር ከሁለት ባለ ሦስት ካርቦን ቁራጮች ይከፍለዋል። መክፈል ነው፣ ግን ያለ ውኃ። ስለዚህ ሀይድሮሌዝ አይደለም፤ ላዬዝ ነው፣ ምድብ 4።

ከጥቂት እርምጃ በኋላ ፓይሩቬት ይገኛል። ጋኑ ላይ ጆሮሽን ብትደግፊ የምትሰሚው የአረፋ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ካለው ለውጥ ነው። ፓይሩቬት ዲካርቦክሲሌዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነቅሎ ይለቀዋል፤ አሁንም ያለ ውኃ፣ አሁንም ላዬዝ። የቀረውን አሴታልዲሃይድ አልኮል ዲሃይድሮጅኔዝ ኤንኤዲኤች ከተባለው ኤሌክትሮን ተሸካሚ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ኤታኖል ይለውጠዋል። ኤሌክትሮን ሲሰጥና ሲቀበል ኦክሲዶሪደክቴዝ ነው፣ ምድብ 1፤ ቁጥሩም የመዝገቡ የመጀመሪያ ነው፣ ኢሲ 1.1.1.1። ጠላውን የጠጣ ሰው ጉበት ውስጥም የዚሁ ቁጥር ባለቤት አለ፤ እዚያ ግን ለውጡን ወደ ኋላ ይነዳዋል፣ ኤታኖሉን መልሶ አሴታልዲሃይድ ያደርገዋል። በማግሥቱ ጠጪውን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ ይህ አሴታልዲሃይድ ነው።

ስድስተኛው ምድብ ላይጌዝ ነው። እርሾው በጋኑ ውስጥ ይራባል፤ ሲራባ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ የተቆራረጡትን የዲኤንኤ ጫፎች ዲኤንኤ ላይጌዝ ኤቲፒ እየከፈለ ያያይዛቸዋል። ማያያዝና መክፈል አብረው ካሉ ምድብ 6 ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ረዳቶቹንም ታገኛቸዋለሽ። ፓይሩቬት ዲካርቦክሲሌዝ ከቫይታሚን ቢ1 የሚሠራውን ኮኢንዛይምና ማግኒዥየም ካልያዘ አይሠራም። አልኮል ዲሃይድሮጅኔዝ ዚንክ ይይዛል። አልፋ አሚሌዝ ካልሲየም ይፈልጋል። ፕሮቲኑ ብቻውን አፖኢንዛይም ይባላል፤ ከረዳቱ ጋር ሲሆን ሆሎኢንዛይም። ረዳቱ እንደ ዚንክ ያለ የብረት ንጥረ ነገር ወይም ከቫይታሚን የተገኘ ኮኢንዛይም ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚን ለምን በጥቂቱ ብቻ እንደሚያስፈልገንም ይገባሻል፤ ኮኢንዛይም ደጋግሞ ያገለግላልና።

ወጥመዶች አሉ፤ የማውቃቸውን የከፉትን ልንገርሽ። ካታሌዝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ውኃና ኦክስጅን ያደርጋል፤ ውኃ ስላየሽ ሀይድሮሌዝ እንዳትዪ። ውኃው እዚህ ውጤት ነው፣ መቁረጫ አይደለም፤ ካታሌዝ ምድብ 1 ነው። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ውኃን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ቢያገናኝም ምድብ 4 ነው፣ የሚበጠስ ትስስር ላይ ውኃ አላስገባምና። ካይኔዝ ፎስፌትን ያሻግራል፣ ምድብ 2፤ ፎስፋቴዝ ፎስፌትን በውኃ ይቆርጣል፣ ምድብ 3። ላዬዝና ላይጌዝ በድምፅ ብቻ ይቀራረባሉ፤ አንዱ ይለያያል፣ አንዱ ከፍሎ ያያይዛል። «ሲንቴዝ» የሚል ስም ስታዪም ወዲያው ላይጌዝ አትበዪ፤ ሲትሬት ሲንቴዝ ኤቲፒ ስለማይከፍል ምድብ 2 ውስጥ ነው።

ጊዜ የለኝም ስላልሽው፦ ይህ ሥራ ተቀምጦ መሸምደድን የሚጠይቅ አይደለም። ብቅሉን ስታሰጪ፣ ጌሾውን ስትወቅጪ፣ ድፍድፉን ስታማስዪ መንገዱን በአፍሽ ቁጠሪው። ማታ ባዶ ወረቀት ይዘሽ ከስታርች እስከ ኤታኖል ያለውን ለውጥ ያለ ስም ጻፊ፤ ከእያንዳንዱ ቀስት አጠገብ ምን እንደሆነ በአማርኛ አስፍሪ፦ በውኃ ተቆረጠ፣ ተሻገረ፣ ተዟዟረ፣ ያለ ውኃ ተከፈለ፣ ኤሌክትሮን ተቀበለ። የምድቡን ስም የምትጽፊው ከዚያ በኋላ ነው። ያጠፍሽውን ሠንጠረዥ አውጥተሽ እርማት አድርጊበት። ሁለት ምሽት ይህን ብታደርጊ ሐይቁ ዳር ከዋልሽበት ይልቅ ይጠቅምሻል ብዬ አምናለሁ፤ ምንም እንኳ አየሩ እዚያ ቢሻልም።

ኢንዛይም ማገጃዎችን በደብዳቤሽ ባታነሺም ከዚሁ ምዕራፍ ስለሚጠየቁ በአጭሩ፦ ተወዳዳሪው ማገጃ ጎድጓዳውን ስለሚይዝ ሰብስትሬት ሲጨመር ይሸነፋል፤ ስለዚህ ከፍተኛው ፍጥነት አይለወጥም፣ ኬኤም (ኢንዛይሙ የከፍተኛ ፍጥነቱን ግማሽ የሚደርስበት የሰብስትሬት መጠን) ግን ይጨምራል። ተወዳዳሪ ያልሆነው ሌላ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ ሰብስትሬት ቢጨመርም አይለቅም፤ ከፍተኛው ፍጥነት ይወርዳል፣ ኬኤም ባለበት ይቆያል። ግራፉን በእጅሽ ሥይው፤ ዐይተሽ አትለፊው።

የስድስትና የሰባቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የኢንዛይም ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ሪፖርት ምድቦቹ ስድስት ነበሩ፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም እንደዚያው ቆዩ። በ2018 ትራንስሎኬዝ የተባለው ሰባተኛው ምድብ ተጨመረ፤ አየኖችን ወይም ሞለኪውሎችን በሕዋስ ሽፋን በኩል የሚያሻግሩ ኢንዛይሞች ከሌሎቹ ምድቦች ወጥተው እዚያ ገቡ። ኤቲፒ ሲንቴዝ ቀድሞ ከምድብ 3 ተቆጥሮ አሁን ምድብ 7 የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ መምህርሽም ያነበብሽውም አልዋሹሽም፤ የተጻፉበት ዘመን ነው የተለያየው። ፈተናው ላይ ቁጥሩን በቀጥታ ቢጠይቁሽ አማራጮቹን ከመልስሽ በፊት አንብቢ፤ ስድስት ብቻ ካለ ስድስትን፣ ሰባት ብቻ ካለ ሰባትን ያዢ። ሁለቱም ካሉ የምትፈተኚበት የመማሪያ መጽሐፍ የሚለውን ተከተዪ፤ ስለዚህ ዛሬውኑ መጽሐፉን ገልጠሽ የትኛውን እንደሚል እርግጠኛ ሁኚ።